ጥምቀትን በሐይቅ ላይ፦ ጀልባ ከመሳፈራችን በፊት

(በመንሱራ ለቤት ሠራተኛ እህቶች ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ በጀልባ ስለሚከበር በዓል ነው። ከመካከላችን ሁለት ዓመት ጨርሰው በጥር ወር ለዕረፍት አገር ለመግባት የሚያስቡ አሉ። በሐይቅ ላይ የሚደረገው የጥምቀት ጉዞ ቪዲዮው በስልካችን እየደረሰን «እኔም ስገባ እዚያ ነው የማከብረው» የምትል እህት በዝታለች። መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን ጀልባ እንደ ታክሲ አይደለም። ታክሲ ቢበላሽ ወርደን በእግራችን እንሄዳለን። ሐይቅ መካከል ላይ መውረጃ የለም። ስለዚህ በዓሉ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚኬድበት፣ ምን መጠንቀቅ እንዳለብን በቅደም ተከተል እንየው።

በዓሉ እንዴት ነው የሚከበረው?

ሁላችሁም እንደምታውቁት ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ከየአጥቢያቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፣ በድንኳን ያድራሉ። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌትና ቅዳሴ አለ። ጥር 11 ማለዳ ውኃው ተባርኮ ሕዝቡ ይረጫል፣ ከዚያ ታቦታቱ በእልልታ ይመለሳሉ። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን እስከ ጥር 12፣ እስከ ቃና ዘገሊላ ይቆያል። ይህ በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ላይ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

አዲስ አበባ ላይ ጃን ሜዳ፣ ጎንደር ላይ የፋሲል መዋኛ አለ። ሐይቅ ባለበት አገር ደግሞ ጥምቀተ ባሕሩ ራሱ ሐይቁ ነው። የእኔ ቤተሰብ መቂ ነው፣ ባቱ (ድሮ ዝዋይ የምንላት) ቅርባችን ናት። እዚያ በደምበል ሐይቅ ላይ ታቦታቱ በጀልባ ይጓዛሉ። ካህናቱ ከነጥላቸውና ከነመስቀላቸው ይሳፈራሉ፣ ሕዝቡም በሌላ ጀልባ ሆኖ ያጅባል። ዳር የቀረው ሰው ከባሕሩ ዳር ሆኖ እልል ይላል። ድምፅ በውኃ ላይ ሩቅ ይሄዳል፣ ከጀልባው የሚሰማው መዝሙርም ዳር ያለውን ሰው ያስለቅሳል።

ደምበል አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ይባላል፣ እኛ ደብረ ጽዮን የምንለው ነው። በአባቶች ትውፊት፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ታቦተ ጽዮን ተሸሽጋ የቆየችው በዚህ ደሴት ነው። ደሴቶቹ ላይ የዛይ ሕዝብ ይኖራል፣ የራሱ ቋንቋም አለው። ለዛይ ሰው ጀልባ የበዓል ጌጥ ሳይሆን የዘወትር መንገዱ ነው። ገበያ የሚሄደውም፣ በሽተኛ የሚያወጣውም በእርሱ ነው። ስለዚህ ስለ ሐይቁ ጠባይ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ጣናም እንዲሁ ነው። ወደ 37 የሚሆኑ ደሴቶች አሉት፣ ብዙዎቹ ላይ ገዳም አለ። ያለ ጀልባ ወይም ያለ ደንገል ታንኳ አይደረስባቸውም። እኛ ሴቶች ግን አስቀድመን ማወቅ ያለብን ነገር አለ። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ሴት አያስገቡም። ዘጌ ላይ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረትና ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ግን ለሴትም ክፍት ናቸው። ገንዘብ ከፍላችሁ ደርሳችሁ ጀልባው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ እንዳትጠብቁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሌላውም ዓለም እንዲህ ያከብራል

አብረውን የሚሠሩ የፊሊፒንስ እህቶች አሉ። ስለ ሴቡ ከተማ ጠይቋቸው። በጥር ወር፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ፣ ከሦስተኛው እሑድ በፊት ባለው ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ የሕፃኑን የኢየሱስን ምስል በመርከብ አድርገው በማክታንና በሴቡ መካከል ባለው ባሕር ላይ ያዞራሉ። መርከቦቹና ጀልባዎቹ በአበባና በሻማ ያጌጣሉ። አንዳንድ ዓመት ከእኛ ከተራ ጋር አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚለያየው። እኛ በአንድ ቤት ውስጥ ሆነን፣ እርሷ ስለ ሴቡ እኔ ስለ ባቱ ናፍቀን፣ አንድ ዓይነት ነገር እንደናፈቅን ሳናውቅ እንኖራለን።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ኒውፖርት ቢች በሚባል ከተማ ደግሞ በገና ሰሞን ማታ ማታ ጀልባዎች በሙሉ አምፖል ተለብሰው ይሰለፋሉ። ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሕዝቡ ዳር ቆሞ ያያል፣ ጀልባ ያለው ደግሞ ተመዝግቦ ተራውን ጠብቆ ይሰለፋል።

ጀልባ ላይ መብራት ለጌጥ ብቻ አይደለም። በሌሊት የሚሄድ መርከብ በግራው ቀይ፣ በቀኙ አረንጓዴ መብራት እንዲያበራ የዓለም ሕግ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሌላ መርከብ የቱን ቀለም እንዳየ አይቶ ወዴት እንደሚያልፍ ያውቃል። መብራት የሌለው ጀልባ ግን በጨለማ ለሌላው አይታይም። እንግዲህ ከተራ ማታ መብራት በሌለው ጀልባ ሐይቅ ላይ እንሂድ የሚላችሁ ሰው ካለ መልሱ «አይሆንም» ነው።

ሌላኛው ጀልባ

እህቶቼ፣ ከመካከላችን በኦቦክ ወይም በቦሳሶ በኩል ባሕሩን በጀልባ የተሻገሩ አሉ። ስማቸውን አንጠራም፣ ታሪካቸውን ግን እናውቃለን። በሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የመን፣ አቢያን አጠገብ ጀልባ ተገልብጦ የሞቱት አብዛኞቹ የአገራችን ልጆች ነበሩ። ያንን ባሕር ያለፈች እህት ጀልባ በሚለው ቃል ብቻ ልቧ ሊደነግጥ ይችላል። እንዲህ የምትሆን እህት ካለች «ፈሪ» አትበሏት፣ ለበዓል ነው ብላችሁም በግድ አትጎትቷት። ዳር ሆኖ እልል ማለትም በዓል ማክበር ነው።

ይህንን ያነሳሁት ላሳዝናችሁ አይደለም። ያ ጀልባ የገደለ ለምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ውኃው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሚጫነውን ሰው የሚቆጥር ስላልነበረ ነው። በዓልም ቢሆን ቆጣሪ ከሌለው እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ፊሊፒንስ፣ ቦካዌ በምትባል ከተማ በወንዝ ላይ በሚደረግ የመስቀል በዓል፣ በጀልባ ላይ የተሠራው ጌጠኛ ሰገነት ከልክ በላይ ሰው ተሳፍሮበት ሰጠመ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የወጡት ሊጸልዩ ነበር። በእኛም አገር፣ በውኃ ላይ ባይሆንም፣ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሰው የበዛበት የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ወደ 10 የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል። «ታቦት ባለበት ምን ይደርስብናል» ማለት እምነት ይመስላል፤ ነገር ግን ጌታም ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲባል «ጌታ አምላክህን አትፈታተን» ብሏል።

ጀልባ ለምን ይገለበጣል?

ይህንን ለእኛ ለቤት ሠራተኞች ማስረዳት ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ሁላችንም ትሪ እንሸከማለን። በሻይ የተሞሉ ብርጭቆዎች ያሉበትን ትሪ አስቡ።

አንደኛ፣ ብርጭቆዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጠርዝ ከተንሸራተቱ ትሪው ይዘነብላል። ጀልባም እንዲሁ ነው። ታቦቱ የተሳፈረበት ጀልባ በቀኝ ሲያልፍ ሁሉም ፎቶ ለማንሳት ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ጀልባውም አብሮ ይዘነብላል። ብዙ ጊዜ አደጋ የሚመጣው በማዕበል ሳይሆን በእንዲህ ያለ ግርግር ነው።

ሁለተኛ፣ የተምር ሰሐን ትሪ ላይ አይወድቅም፣ ረጅሙ የቡና ደላ ግን ትንሽ ስንደናቀፍ ይወድቃል። ክብደት ወደ ላይ ከፍ ሲል ለመውደቅ ይቀላል። በትንሽ ጀልባ ላይ ቆሞ ማሸብሸብ ማለት ጀልባውን እንደ ደላ ማድረግ ነው። ተቀምጦ ማጨብጨብና እልል ማለት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ትሪ የሚችለው ልክ አለው። ጀልባ ሲጫን ወደ ታች ይሰምጣል፣ ጠርዙ ወደ ውኃው ይቀርባል። ባዶውን ሲቆም ከውኃው እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት እዩ። ሰው ከተሳፈረ በኋላ ያ ርቀት አንድ ክንድ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ከታያችሁ፣ ሌላ ጀልባ ሲያልፍ የሚያነሳው ሞገድ ብቻ ውኃ ያስገባባችኋል። ውረዱ። ገንዘቡ ይቅር።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ደምበልም ጣናም ጠዋት ጠዋት ረጋ ይላሉ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ሰፊ ውኃ ላይ ነፋስ ሞገድ ይሠራል። የደሴት ሰዎች ረጅም መንገድ በጠዋት የሚሄዱት ለዚህ ነው። ስለዚህ ወደ ደሴት የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ሂዱ፣ ነፋሱ በርትቶ ከሆነም ለመመለስ አትቸኩሉ።

ከመሳፈራችሁ በፊት

ላይፍ ጃኬት፣ ማለትም ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ፣ ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን እዩ። «አለ» መባሉ አይበቃም፣ ልበሱት፣ ማሰሪያውን ሁሉ እሰሩት። ተቀምጣችሁበት ወይም ጥግ ተቆልሎ ከሆነ የለም ማለት ነው። ለሕፃን የትልቅ ሰው ሰደርያ አይሆንም፣ በአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። ልጅን በጀርባ አዝሎ በላዩ ላይ ሰደርያ መልበስም አይገባም። በልኩ የሚሆን ከሌለ ልጁ ዳር ይቆይ።

ነጠላችሁን አትከናነቡ፣ ሸብ አድርጋችሁ እሰሩት። ውኃ የጠጣ ነጠላ ከባድ ነው፣ እጅም እግርም ይይዛል። የሞተር ጀልባ ቤንዚን ይዞ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ጧፍና ሻማ ጀልባው ላይ አይለኮስ። መብራት የምትፈልጉ የባትሪ መብራት ያዙ፣ ጧፉን ዳር ስትደርሱ አብሩት።

ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ክፍያው በሰው ነው ወይስ በጀልባ? ደርሶ መልስ ነው ወይስ መሄጃ ብቻ? ስንት ሰው ነው የምትጭነው? ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ አትርሱ፣ ምክንያቱም በበዓል ቀን ባለጀልባው ባለቀ ሰዓት ዘመድም ጎረቤትም ሊጨምር ይችላል።

ይገለበጣል ብለን አንመኝም፣ ግን ቢገለበጥ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ ጀልባውን አትልቀቁ። የእንጨት ጀልባ ተገልብጦም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይንሳፈፋል። ዳሩ ቅርብ ይመስላል፣ ግን ዋና የማታውቅ ሴት ከነቀሚሷ አትደርስም። ጀልባውን ይዛችሁ ጩኹ፣ ሌሎች ጀልባዎች ይመጣሉ።

የዐረብ አገር ልጅ ናት፣ ትክፈል

ይህን ሳላነሳ ባልፍ የምትታዘቡኝ ይመስለኛል። ከዚህ የገባች እህት ቤተሰቧን፣ የአክስት ልጆችን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ይዛ ጀልባ እንድትከራይ ይጠበቅባታል። አንዷን ጀልባ ከፍላ አሥራ አምስቱን ዘመድ በአንድ ላይ ለመጫን የምትገደደውም ገንዘብ ለመቆጠብ ነው። እዚህ ላይ ነው ገንዘብና ነፍስ የሚገናኙት። ሁለት ጀልባ የምትከራዩበት ገንዘብ ከሌላችሁ ሁለት ዙር አድርጉት፣ ወይም እናትና አባት ይሂዱ፣ ሌላው ዳር ሆኖ ያክብር። ለዕረፍቱ የያዛችሁትን ገንዘብ ከመግባታችሁ በፊት ከፋፍሉት፦ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለስለት፣ ለመመለሻ። ለጥምቀት የተመደበው ሲያልቅ «አልቋል» በሉ። ስለት ያለባችሁም ለቤተ ክርስቲያኑ በደረሰኝ ስጡ።

ፈቃድና ቀን

በዚህ አገር የቤት ሠራተኞች ደንብ መሠረት ሁለት ዓመት የሠራችና ውሏን ማደስ የምትፈልግ ሠራተኛ የአንድ ወር ዕረፍት ከነደመወዟ ይገባታል። ከገና (ታኅሣሥ 29) እስከ ጥምቀት (ጥር 11) 12 ቀን ነው። ስለዚህ ቀኑን በደንብ ካሰላችሁት በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም በዓል ማክበር ይቻላል። ጥምቀት በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ነው፣ በየአራት ዓመቱ አንዴ ብቻ 20 ይሆናል።

ለማዳም ቀደም ብላችሁ ንገሩ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት እየቀደመ ስለሚመጣ ወደ ጥር እየተጠጋ ነው። ረመዳን ሲቃረብ ሠራተኛዋን የምትለቅ ማዳም ጥቂት ናት። ከሦስትና ከአራት ወር በፊት «ከረመዳን በፊት ሄጄ እመለሳለሁ» ብትሏት ለእርሷም ይመቻታል። የመውጫና የመመለሻ ቪዛውን (ኹሩጅ ወአውዳ) ከፊሉ ነው የሚያወጣው። የሚያበቃበትን ቀን ራሳችሁ አንብቡ፣ ካልገባችሁ የምታነብ እህት ጠይቁ። አገር ስትገቡም ወደ ሐይቁ ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ከሚኖር ሰው አጣሩ። ከአዲስ አበባ ባቱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በሞጆና በመቂ በኩል።

ለምንቀረው

አብዛኞቻችን ጥር 11 ቀን እዚሁ ነን። ሪያድ ባሕር የላትም፣ አደባባይ ወጥቶ በዓላችንን ማክበርም እዚህ አይፈቀድም። ይህን እያወቅን ቪዲዮ እየቀረጽን የእህቶችን ፊት በቲክቶክ አንልቀቅ። የአንዷ ደስታ ለሌላዋ መከራ አይሁን።

ብርሃን ማየት ለናፈቃት እህት፣ በዚህ ከተማ «ኑር ሪያድ» የሚባል የብርሃን ትርኢት አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረ ነው። ያለፉት ዓመታት ትርኢቶች አብዛኞቹ በኅዳር ወር አካባቢ ነበሩ፣ መግቢያውም በነፃ ነው። ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ሙረባዕ፣ በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ታሪካዊ ማዕከል ነው። የሜትሮው ቲኬት ለሁለት ሰዓት 4 ሪያል ነው። የዕረፍት ቀን ያላችሁ ኢቃማችሁን ይዛችሁ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ።

ከሁሉ በላይ ግን ከዚህ ሆነን የምናደርገው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ከተራ ጠዋት ቤተሰብ በኢሞ ይደውላል፣ «ጀልባ ልንሳፈር ነው» ይላል። ያን ጊዜ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለን ብቻ አንዝጋ። ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ስንት ሰው ተሳፈረ? ሰደርያ ለብሳችኋል? በስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ? ወንድማችን ቢስቅብን ይሳቅ። የጀልባውን ኪራይ የላክነው እኛ ነን፣ የመጠየቅ መብት አለን። ሲመለሱም እንደገና ይደውሉልን።

ለምትሄዱት መልካም መንገድ፣ ለምንቀረው ትዕግሥት ይስጠን። የዓመት ሰው ይበለን፣ ለበዓሉ በሰላም ያድርሰን። አሜን።